ክሮዝቢ ቢች ላይ የቆሙትን የብረት ሰዎች ለማየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊቨርፑል አካባቢ የምንኖር ሀበሾች እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ አይነት ጥያቄ ነው የምንጠየቀው፣ እነዚያ ባሕር ውስጥ የቆሙት ሐውልቶች የት ናቸው፣ እንዴት ይኬዳል፣ ልጅ ይዞ መሄድ ችግር አለው ወይ ምናምን። ብዙ ሰው ሊቨርፑልን የሚያውቃት ወይ በኳስ ነው ወይ ደሞ ለሆም ኦፊስ (የስደተኝነት ጉዳይ የሚታይበት መሥሪያ ቤት) ጉዳይ መጥቶ ነው፣ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ግማሽ ቀን ይተርፈውና ምን ልይ ይላል። ስለዚህ መልሱን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። አንዱን ብቻ አንብባችሁ ልትዘጉት ከሆነ ስለ ታይድ፣ ማለትም ስለ ባሕሩ መሙላትና መሸሽ፣ ያለውን አንብቡ፣ ሌላው እዛ ስትደርሱ ይገባችኋል።

እዛ ያለው ነገር በትክክል ምንድን ነው?

ከሊቨርፑል ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ክሮዝቢ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፣ እሱ ላይ የቆሙ 100 የብረት ሰዎች ናቸው። የሥራው ስም አናዘር ፕሌስ ነው፣ የሰፈሩ ሰው ግን አይረን ሜን ነው የሚላቸው፣ መንገድ ስትጠይቁም በዚሁ ስም ብትጠይቁ ቶሎ ይገባቸዋል። የሠራቸው እንግሊዛዊው ቀራፂ አንተኒ ጎርምሊ ነው። ስሙን ባታውቁትም ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጌትስሄድ በኩል በመኪና ያለፋችሁ ሥራውን አይታችኋል፣ ያ ክንፉን ዘርግቶ መንገድ ዳር የቆመው 20 ሜትር ቁመት ያለው ኤንጅል ኦፍ ዘ ኖርዝ የእሱ ነው።

ክሮዝቢ ያሉት ግን ግዙፍ አይደሉም፣ የሰው ቁመት ናቸው፣ 1 ሜትር ከ89። ክብደታቸው ነው ጉድ፣ እያንዳንዱ 650 ኪሎ፣ ውስጡ ክፍት ያልሆነ ድፍን ብረት። በ3 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ላይ ተበታትነው ነው የቆሙት፣ ወደ ባሕሩ ደሞ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ገብተዋል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ቆሞ መቶውንም ማየት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ አራት አምስት ታያላችሁ፣ ከዛ አይናችሁ ሲለምድ ራቅ ብሎ ሰው የመሰላችሁ ሁሉ ሐውልት ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዴ ደሞ ሐውልት ያላችሁት ሰውዬ ውሻውን ጠርቶ መሄድ ይጀምራል።

ኤግዚቢሽን ነው ወይስ ቋሚ? መጥተን ብናጣቸውስ?

አታጧቸውም፣ ቋሚ ናቸው። ሲመጡ ግን ለጊዜው ነበር። መጀመሪያ የቆሙት በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጀርመን ኩክስሃፈን ነው፣ ከዛ ኖርዌይ ስታቫንገር ሄዱ፣ በ2003 ቤልጅየም ደ ፓነ ነበሩ፣ ክሮዝቢ የደረሱት በ2005 ነው። እንደ እቅዱ ከሆነ በ2006 መጨረሻ ተነቅለው ወደ ኒው ዮርክ መሄድ ነበረባቸው። የከተማው ሰው ለመዳቸውና ይቅሩልን አለ፣ ሁሉም ግን አልተስማማም፣ ትንንሽ ጀልባ ያላቸው ሰዎች እንጋጫለን አሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹም፣ የወፍ ጉዳይ የሚከታተሉትም ቅሬታ አቀረቡ፣ የባሕር ዳር ጠባቂው ኮስትጋርድም ሰው እየገባ ይሰምጣል ብሎ ሰጋ። የአካባቢው ካውንስል በጥቅምት 2006 እምቢ አለ፣ በመጋቢት 2007 ተመልሶ ፈቀደ፣ ከሐውልቶቹ ጥቂቶቹ ቦታ እንዲቀይሩ ተደርጎ ማለት ነው። በግሌ ተቃዋሚዎቹ ያነሱት ነገር ቀልድ አይመስለኝም፣ በተለይ የኮስትጋርዱ፣ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

መክፈል አለ? ስንት ሰዓት ይዘጋል?

ነፃ ነው። በርም አጥርም የለውም፣ አይዘጋም። መኪና ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን ለፓርኪንግ ክፍያ እንዳለ ምልክቱን አንብቡ።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው። "ቅዳሜ ከሰዓት እንሂድ" ተባብሎ ይወጣል፣ ይደርሳል፣ ባሕሩ ሞልቷል፣ የሚታየው ሁለት ሦስት ጭንቅላትና ብዙ ውሃ ነው፣ ከዛ "ለዚህ ነው ያመጣኸን" ይባላል። ቀኑን ሳይሆን ታይዱን አይታችሁ ነው መውጣት ያለባችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፣ በአንዱ ሙላትና በሚቀጥለው መሀል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ አለ፣ ስለዚህ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል፣ ዛሬ 8 ሰዓት የሞላ ነገ 9 ሰዓት ሊደርስ ሲል ይሞላል ማለት ነው። ሊቨርፑል አካባቢ ደሞ ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሚሆነው ትልቁ ታይድ በሙሉና በሸሸ ባሕር መሀል ከ8 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ። የክሮዝቢ መሬት ደሞ ሜዳ ነው፣ ስለዚህ ውሃው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ እናንተ ይመጣል፣ በፍጥነት።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ፣ እዚህ አካባቢ በትልቁ ታይድ ሰሞን ባሕሩ የሚሞላው ሁልጊዜ እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፣ የሚሸሸው ደሞ ማለዳና አመሻሽ ላይ። ስለዚህ ጨረቃዋ ሙሉ ከሆነች ምሳ ሰዓት ላይ አትሂዱ፣ ወደ ማታ ሂዱ። ለሌላው ቀን ስልካችሁ ላይ የሊቨርፑል ታይድ ሰዓት ብላችሁ ፈልጉ፣ በየቀኑ ይወጣል። ሁለት ነገር ግን አረጋግጡ፣ አንደኛ አንዳንዱ ሰንጠረዥ የበጋውን የአንድ ሰዓት ጭማሪ አያካትትም፣ ሁለተኛ ሰዓቱ በፈረንጅ ነው፣ ቀጠሮ ለእናት ለአባት ስትነግሩ ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየር እንዳትረሱ፣ በዚህ ምክንያት ቤተሰብ ሲጣላ አይቻለሁ።

ለኔ ምርጡ ሰዓት ባሕሩ ከሞላ ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ ውሃው እየሸሸ እያለ። ጭንቅላት ብቻ የነበረው ትከሻ ያወጣል፣ ከዛ ደረት፣ ከዛ ሙሉ ሰውነት፣ እናንተ ሳንድዊች በልታችሁ ሳትጨርሱ ከውሃ ውስጥ ሌላ አንድ ሰው ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ሙሉ በሙሉ ከሸሸ በኋላ ከመጡ ሐውልት ብቻ ነው የሚያዩት፣ ይሄን አያዩም። ደህንነቱም በዚህ ሰዓት ይሻላል፣ ምክንያቱም ውሃው እየሄደ ነው እንጂ እየመጣባችሁ አይደለም።

ሩቅ ላይ ወዳሉት ሐውልቶች በእግር መሄድ ይቻላል?

አይቻልም። አይ እኔ ዋና እችላለሁ፣ እኔ ጎረምሳ ነኝ የሚል ሰው አለ፣ ጉዳዩ ዋና አይደለም፣ ጭቃ ነው። ከላይ ሲታይ ደረቅ አሸዋ ይመስላል፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ስትገቡ እግር ቁርጭምጭሚት ድረስ ይገባል፣ ከዛ ጉልበት ድረስ፣ ለመንቀል ስትታገሉ ሌላኛው እግር ይገባል፣ እናንተ ከጭቃው ጋር ስትታገሉ ባሕሩ ይመለሳል። ኮስትጋርድ እዚህ ዳርቻ ላይ ለጭቃ ማውጫ የተለየ ዕቃ ይዞ የሚወጣው ያለምክንያት አይደለም።

የተቀመጠው መመሪያ ግልጽ ነው፣ ከፕሮሜናዱ፣ ማለትም ከዳር ካለው ሲሚንቶ መንገድ፣ ከ50 ሜትር በላይ አትራቁ። በ50 ሜትር ውስጥ የምትነኩት፣ አጠገቡ ቆማችሁ ፎቶ የምትነሱበት በቂ ሐውልት አለ፣ የሩቆቹ ደሞ የተሠሩት ከሩቅ እንዲታዩ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ሌላው የማይታወቅ ነገር ባሕሩ ሲመለስ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይመጣም፣ አሸዋው ላይ ዝቅ ያለ ቦይ ካለ በዛ በኩል ዞሮ ከኋላችሁ ሊሞላ ይችላል።

እግራችሁ ከያዘ አትደናገጡ፣ አትፈራገጡ፣ ወደ ኋላ ተቀመጡና ክብደታችሁን ዘርጉ፣ እግራችሁን ቀስ እያላችሁ አወዛውዙ፣ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ በሉ። ሌላ ሰው ተይዞ ካያችሁ ሮጣችሁ አትግቡ፣ እናንተም ትያዛላችሁ፣ ደውሉ።

እንዴት ነው የሚኬደው?

ከሊቨርፑል ላይም ስትሪት ጣቢያ ወጥታችሁ ወደ ሊቨርፑል ሴንትራል በእግር ሂዱ፣ ቅርብ ነው። ከዛ ወደ ሳውዝፖርት የሚሄደውን የመርሲሬል ባቡር ያዙ፣ በየ15 ደቂቃው አለ። ሦስት ጣቢያ ነው የሚያገለግላችሁ፦ ዋተርሉ፣ ብለንደልሳንድስ ኤንድ ክሮዝቢ፣ ሆል ሮድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብለንደልሳንድስ ላይ ውረዱ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ባሕሩ ስትሄዱ ከሐውልቶቹ መሀል ላይ ነው የምትወጡት። ካፌና ሽንት ቤት የሚያሳስባችሁ ዋተርሉ ይሻላችኋል፣ ሳውዝ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ የሚበላም የሚጠጣም አለ፣ ከዛ ሐይቁን አልፋችሁ ዳርቻው ላይ ትደርሳላችሁ። በኦንላይን ትኬት የምትቆርጡ ሰዎች የለንደኑን ዋተርሉ እንዳትመርጡ፣ የመርሲሳይዱን፣ የሊቨርፑል አካባቢውን ነው።

ከማንቸስተር የምትመጡ በአንድ ቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ከለንደን ዩስተን እስከ ላይም ስትሪት ደሞ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው።

እናቴን ይዤ ልሄድ ነበር፣ ራቁታቸውን ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ራቁታቸውን ናቸው፣ የተደበቀ ነገርም የለም። ቢሆንም ዝገቱም ባሕሩም ስለበላቸው አይን ላይ አይጮሁም። እናቶች መጀመሪያ "ውይ በስመ አብ" ይሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያደርጋሉ፣ ከዛ ትንሽ ቆይተው "ይበርደዋል እኮ" ማለት ይጀምራሉ። ልጆች ይስቃሉ፣ ያልቃል።

ሁሉም አንድ ሰው ናቸው?

አዎ፣ ራሱ ጎርምሊ ነው። ገላውን በላስቲክ ተጠቅልሎ በጀሶ ይሸፈናል፣ ከዛ በሚወጣው ፎርማ ብረቱ ይፈሳል። ለዚህ ሥራ 17 የተለያየ ፎርማ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ መቶውም አንድ አይነት አይደሉም፣ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አንዱ ትንፋሹን ስቦ ደረቱ ሞልቷል፣ ሌላው አስተንፍሶ ላላ ብሏል፣ አንዱ ትከሻው ውጥር ነው። ጎን ለጎን ስለማይቆሙ ይሄን ለማየት ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄዳችሁ ደረታቸውን ማየት አለባችሁ፣ ልጆችን በዚህ ሥራ ማስያዝ ይቻላል።

ለምንድን ነው ሁሉም ወደ ባሕሩ የሚያዩት?

ጎርምሊ ራሱ እንዳብራራው ነገሩ ከስደት ጋር ይያያዛል፣ አገር ትቶ የሚሄድ ሰው ያለበት ሐዘንና ሌላ ቦታ የተሻለ ይገጥመኛል የሚለው ተስፋ። ሲጀመር ለክሮዝቢ ተብሎ አልተሠራም፣ ግን ከቆሙባቸው ቦታዎች ሁሉ እንደዚህኛው የሚገጥም ያለ አይመስለኝም። ከ1830 እስከ 1930 ባለው መቶ ዓመት ውስጥ ወደ 9 ሚሊዮን ሰው ከሊቨርፑል ወደብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ሄዷል፣ አይሪሹም ስካንዲኔቪያኑም ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣው አይሁዳዊም። መርከቦቹ ከመርሲ ወንዝ ወጥተው ያለፉት እነዚህ ሐውልቶች ፊት ለፊት ባለው ውሃ ነው፣ ዛሬም ኮንቴይነር የጫኑት መርከቦች በዛው ያልፋሉ።

ለእኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም መሰለኝ። አብሮኝ የሄደ አንድ ልጅ፣ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ የመጣ፣ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያቸውና "እነዚህ ገና አልተሳፈሩም" አለ። እንደሱ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር፣ እኔ የደረሱ ነበር የሚመስሉኝ። ሌሎች ደሞ ጥበቃ ላይ ያሉ ነው የሚሏቸው፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ብትጠይቁ ከባሕር ያልተመለሰ ሰው የሚጠብቁ ነው የሚሏችሁ አሉ። ከሐውልቶቹ አጠገብ ረጅም ማብራሪያ የተጻፈበት ሰሌዳ ባይደረደር ደስ ይለኛል፣ ሰው የራሱን ይዞ ቢመለስ ይሻላል።

አሁን የሚያዩት ባዶ አድማስ ግን አይደለም። በርቦ ባንክ የሚባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ፊታቸው ላይ ቆሟል፣ በ2007 ላይ 25 ተርባይን ነበር፣ በ2017 ደሞ 32 ትልልቅ ተጨመረበት። አንዳንዱ አበላሸው ይላል፣ እኔ አልጠላሁትም።

ለምንድን ነው አንዳንዱ ወገቡ ድረስ የተቀበረው? ሌላው ለምን ቆዳው ሻካራ ሆነ?

አሸዋ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ሐውልቱ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ምሰሶ ላይ ስለቆመ አይነቃነቅም፣ ዙሪያው ያለው አሸዋ ግን በነፋስና በሞገድ ይመጣል ይሄዳል፣ አምና እስከ እግሩ ጫማ ድረስ የታየው ዘንድሮ ጉልበቱ ላይ ቀርቶ ታገኙታላችሁ።

ሻካራው ነገር ደሞ በጣም ቀርባችሁ ብታዩት ደስ ይላል። ባርናክል የሚባሉ ነጫጭ ዛጎል ያላቸው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ናቸው፣ ሲያድጉ የጥፍር ጫፍ አያክሉም፣ ጠንካራ ነገር ካገኙ ተለጥፈው እዛው ነው የሚኖሩት፣ ሁሉ ነገሩ አሸዋ በሆነ ዳርቻ ላይ ደሞ ብረት ከየት ይገኛል። አንዱን ሐውልት ከታች ወደ ላይ እዩት፣ ጭኑና ሆዱ በዛጎል ታጥሯል፣ አልፎ አልፎ አረንጓዴ አልጌ ይንጠለጠላል፣ ውሃው ብዙ የማይቆይበት ደረቱና ፊቱ ግን ንጹህ ቀይ ዝገት ነው፣ አንዳንዴ ዛጎሉ የሚያልቅበት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ወደ ዳር ያሉት ውሃ ብዙ ስለማያገኛቸው ዝገት ብቻ ናቸው። እጃችሁን ስታሳርፉ ተጠንቀቁ፣ ዛጎሉ ይቆርጣል፣ ዝገቱ ደሞ ነጭ ልብስ ላይ ከነካ ታጥቦ አይለቅም።

መንካት ይቻላል? ልብስ ማልበስስ?

መንካት ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም። ልብስ ማልበስ የሰፈሩ ልማድ ሆኗል፣ የሊቨርፑልና የኤቨርተን ማሊያ፣ ገና ሲደርስ የሳንታ ኮፍያ፣ ስካርፍ። የኛ ልጆችም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ስካርፍ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ፣ ያምራል፣ ስትሄዱ ግን አውልቃችሁ ውሰዱት፣ ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው። ቀለም መቀባት፣ ስም መጻፍ ግን ነውር ነው።

መዋኘትስ?

አይዋኝም። ቢቹ ለዋና የተመደበ አይደለም።

ሕፃን በጋሪ ወይም ዊልቸር ይዞ ይኬዳል?

ፕሮሜናዱ ሜዳና ሲሚንቶ ስለሆነ በደንብ ይኬዳል፣ ከሱ ላይ ሆኖም የቅርቦቹ በደንብ ይታያሉ። አሸዋው ላይ ግን ጎማ ይይዛል። አዲሶቹ የመርሲሬል ባቡሮች ሲቆሙ ከበሩ ሥር መሸጋገሪያ ይዘረጋሉ፣ ስለዚህ ለማስገባትና ለማውጣት አታነሱም።

ሽርሽር ላይ ቡና ማፍላት ይቻላል?

ይሄ ጥያቄ ከኛ ሰው ብቻ ነው የሚመጣው፣ ግን ሁልጊዜ ይመጣል። እሳትም ባርቤኪውም ክልክል ነው፣ ከሰል ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ በጋዝ ስቶቭም ቢሆን ነፋሱ አያስነድደውም። ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ፣ ስኒ ግን የሸክላውን ይዛችሁ ኑ፣ በፕላስቲክ ቡና አይሆንም። ምግብ ዳርቻው ላይ አይሸጥም ብላችሁ አስቡና ይዛችሁ ኑ፣ ቆሻሻውን ይዛችሁ ተመለሱ።

ለፎቶ ጥሩ ሰዓት የቱ ነው?

ዳርቻው ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ፀሐይ የምትጠልቀው ሐውልቶቹ ፊት ነው፣ ስለዚህ ወደ ማታ። በሰኔ ወደ ምሽት 4 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ፣ በታኅሣሥ ደሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ በኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አሸዋው ላይ አትቆዩ፣ ውሃው የት እንደደረሰ አይታይም።

እግረ መንገዳችንን ሌላ ምን እንይ?

ከሆል ሮድ ወደ ሰሜን ወደ ሃይታውን አቅጣጫ ብትሄዱ ዳርቻው በጡብና በተጠረበ ድንጋይ ክምር ይሞላል። የሊቨርፑል ቤቶች ናቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ቦምብ የፈረሱት፣ ፍርስራሹ ተጭኖ መጥቶ እዚህ ነው የተደፋው። ባሕሩ ጡቡን ፍቆ ፍቆ ድብልብል አድርጎታል፣ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ግን አሁንም የበር ፍሬም ጌጥ፣ የተቀረጸ ፊደል ይታያል። ብዙ ጎብኚ ሐውልቱን አይቶ ይመለሳል፣ ለኔ ግን ይሄኛው ከሐውልቶቹ እኩል ነው። በዚሁ ባቡር ትንሽ ገፋ ካላችሁ ደሞ ፎርምቢ አለ፣ የጥድ ጫካ ውስጥ ቀይ ሽኮኮ ታያላችሁ፣ ልጆች ካሉ ይሄ ያድናችኋል።

ሲድኒ ውስጥ ካለው የባሕር ዳር ኤግዚቢሽን ጋር አንድ ነው?

አይደለም። የሲድኒው ስካልፕቸር ባይ ዘ ሲ ይባላል፣ በ1997 የጀመረ፣ ከቦንዳይ እስከ ታማራማ 2 ኪሎ ሜትር በሚሆን የገደል ዳር መንገድ ላይ የብዙ ቀራፂዎች ሥራ ለጥቂት ሳምንታት የሚደረደርበት ነው፣ በእነሱ ፀደይ። ፐርዝ ያላችሁ ደሞ ኮትስሎ ላይ በመጋቢት ታገኙታላችሁ። እዛ ሰው ይበዛል፣ ሥራው ይለያያል፣ ወደ ጭቃ አትገቡም። ክሮዝቢ አንድ ሥራ ነው፣ ሰው ከሌለበት ማክሰኞ ጠዋት ብትመጡ ከብረቶቹ ጋር ብቻችሁን ናችሁ።

ከለንደን ለዚህ ብቻ መምጣት ያዋጣል?

ለዚህ ብቻ ከሆነ አይ። ሊቨርፑል ሌላ ጉዳይ ካላችሁ፣ ወይ ዘመድ ካላችሁ፣ ግማሽ ቀን ጨምሩበት፣ እሱም ታይዱ ከተመቸ። ካልተመቸ ከተማው ውስጥ ወዳለው የድሮ ወደብ፣ አልበርት ዶክ ሄዳችሁ የባሕር ሙዚየሙ ተከፍቶ እንደሆነ እዩ።

ዝናብ ቢሆንስ?

ሊቨርፑል ነው፣ ይሆናል። ደመና ሲሆን ብረቱ ይጠቁርና እንዲያውም ያምራል፣ ሰውም ይቀንሳል። ጃንጥላ ግን አትያዙ፣ ነፋሱ ገልብጦ ይወስደዋል፣ ኮፍያ ያለው ጃኬትና ቢቆሽሽ የማያሳዝናችሁ ጫማ አድርጉ፣ ቅያሪ ካልሲ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ።